አንቀልባ እግር አያጣምምም

ፍኖተ ሰላም ላይ የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚጠብቁ ባልና ሚስት ከሚከራከሩባቸው ነገሮች አንዱ "ለሕፃኑ መያዣ ምን ይገዛ?" የሚለው ሆኗል። ምርጫው በዝቷል። በፕላስቲክ መቆለፊያ የሚታሰር የፊት ማዘያ ከአዲስ አበባ ይመጣል። የሚገፋ ጋሪም አለ፣ ከዋናው አስፋልት ወጣ ሲሉ ድንጋዩና ጭቃው ባያስኬደውም። ዘመድ ደግሞ ከአሜሪካ ደውሎ "ካር ሲት ልላክላችሁ ወይ?" ይላል፤ የሕፃን የመኪና ወንበር ማለቱ ነው። ሁሉም የሚፈልጉት አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ አንዴ ተገዝቶ ልጁ ሮጦ እስኪያመልጥ ድረስ የሚያገለግል፣ ለሚቀጥለውም ልጅ የሚተርፍ። ይህን የሚያሟላው ዕቃ እዚያው ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አቧራ ይጠጣል። አያት ስታነሳው "ኧረ ተይ እማማ፣ እግሩ ይጣመምብናል" ብለው ዝም ያሰኟታል።

እኔ ከአያቲቱ ጋር ነኝ።

ለምዕራብ ጎጃም አንባቢ አንቀልባ ምን እንደሆነ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል። ለከተማ ልጅ ስል በአጭሩ ልበል፦ ከለፋ ቆዳ የተሠራ፣ በጠፍር የሚታሰር የሕፃን ማዘያ ነው። እናት ጎንበስ ትላለች፣ ልጁ ጀርባዋ ላይ ይደረጋል፣ ቆዳው ከላዩ ይለብሳል፣ ጠፍሩ በትከሻና በደረት ዞሮ ይታሰራል። ልጁ እግሮቹን በወገቧ ግራና ቀኝ ከፍቶ፣ ደረቱን ጀርባዋ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። ሁለቱ እጆቿ ነፃ ናቸው። ውኃ ትቀዳለች፣ አረም ታርማለች፣ ገበያ ትወጣለች።

ስለ ቆዳው ግን ትንሽ ታገሡኝ። የጥጃም፣ የፍየልም፣ የበግም ቆዳ ይሆናል። ይነከራል፣ ጠጉሩና ስጋው ይፋቃል፣ ከዚያ የእንቧይ ፍሬ እየተቀባ በእጅ ይታሻል፣ በእግር ይረገጣል፣ ቅባት ይጠጣል። ይህ ሁሉ ድካም አንድ ግብ አለው። ቆዳው ሲደርቅ እንደ ቁርበት ድርቅ እንዳይል፣ የሕፃን ጭን ሲነካውም እንዳይልጥ ነው። በቡሬ ዙሪያ አንድ ገጠር ያገኘኋቸው ቆዳ አልፊ ሽማግሌ ጥሩውን ከመጥፎው እንዴት እንደሚለዩ ስጠይቃቸው የአንቀልባውን ጫፍ ሰጡኝና "ጨብጠው፣ ልጄ፣ አጥብቀህ ጨብጠው" አሉኝ። ጨበጥሁት። "አሁን ልቀቀው።" ቆዳው መዳፌ ላይ ራሱን በራሱ ዘረጋ፤ የጭብጤ ምልክት እንኳ አልቀረበትም። "ይኼ ለፍቷል" አሉ። ከጎናቸው ከነበረ ሌላ ቁራጭ ላይ ያንኑ ሞከርን። እጥፋቱ ነጭ መስመር ሆኖ ቀረ። እሱን ወደ ኋላቸው ወረወሩት።

ሁለተኛው መታየት ያለበት ጥጉ ነው። ጠፍሩ ከቆዳው ጋር የሚገናኝበት ቦታ የልጁን ክብደት በሙሉ የሚሸከም ስለሆነ ቆዳው ተደርቦ፣ በጅማት ወይም በጠንካራ ክር ደጋግሞ መሰፋት አለበት። አንቀልባ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው ዛጎሉንና ጨሌውን ነው፤ እኔ መጀመሪያ የማየው ጥጉን ነው። የቆየ አንቀልባ ከሆነ ደግሞ ልጅ ሳይገባበት በፊት ዐሥራ አምስት ኪሎ እህል አስገብቶ፣ ጠፍሩን ሳብ ሳብ አድርጎ መፈተን ነው። ስፌቱ ከተላቀቀ ያኔ ይላቀቅ።

ዛጎሉም ቢሆን የሚናቅ አይደለም። ከሕንድ ውቅያኖስ፣ በተለይም ከማልዲቭስ ደሴቶች እየተለቀመ በብዙ የአፍሪካ አገሮች እንደ ገንዘብ ሲገበያዩበት የኖረ የባሕር ቀንድ አውጣ ልባስ ነው። ባሕር አይታ የማታውቅ የጎጃም እናት ልጇን ከቡዳ ይጠብቅልኝ ብላ ከአንቀልባው ጠርዝ ላይ ትደረድረዋለች፣ ስትራመድም ይንቀጫቀጫል። ለጌጥ የሚወጣው ገንዘብ የልጁን ክብር የሚያሳይ ስለነበር ድሃም ቢሆን ጥቂት ፍሬ አያጣም።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ይህን የመሰለ ዕቃ የሚሠሩ ሰዎችን አገራችን ለብዙ ዘመን "ፋቂ" እያለ ሰድቧል፣ ልጁን ለልጃቸው አልድርም ብሏል። በእጃቸው ሥራ ታዝሎ ያደገ ሁሉ ነው እንዲህ ሲል የኖረው። ዛሬ ባለሙያዎቹ እያለቁ ነው፣ ልጆቻቸውም ሙያውን አልወረሱም፤ ማን ይፍረድባቸው? አንቀልባው በበኩሉ የባህል ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ከመሶብና ከጋሻ ጋር ተሰቅሎ የቱሪስት ፎቶ ማድመቂያ ሆኗል። ቆዳ ግን ካልተነካና ካልተቀባ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ አይጥም ይወደዋል። በሥራ ላይ ያለ አንቀልባ በዓመት ጥቂት ጊዜ ቅቤ ወይም ሌላ ቅባት ካገኘ አንድ ቤተሰብ ሙሉ ልጆቹን አሳድጎበት ለልጅ ልጅ ያወርሰዋል። የውጭው ካር ሲት በአንጻሩ የአገልግሎት ዘመኑ ፕላስቲኩ ላይ ታትሞ ይመጣል፤ በአብዛኛው ከተሠራበት ቀን አንሥቶ ከ6 እስከ 10 ዓመት ነው።

አሁን ወደ እግሩ ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ እሱ ነው።

"አንቀልባ እግር ያጣምማል" የሚለውን ያልሰማ የለም። የሚሉት የተማሩ ናቸው። የጤና ሙያ ካላቸው ሰዎች አፍም ሰምቼዋለሁ፣ አዝናለሁም። ማስረጃቸው ዓይናቸው ነው፦ የአንድ ዓመት ሕፃን ከአንቀልባ ሲወርድ እግሮቹ በጉልበቱ አካባቢ ወደ ውጭ ጎብጠው ይታያሉ። እውነት ነው፣ ይታያሉ። ግን ታዝሎ የማያውቀውን የጎረቤት ልጅም አቁማችሁ እዩት። የሱም እግር እንዲሁ ነው። ሕፃን ማሕፀን ውስጥ እግሩን አጣጥፎ ስለሚኖር ጎበጥ ብሎ ይወለዳል፣ እስከ ሁለት ዓመት ገደማም እንደዚያው ይቆያል። ከዚያ ይገለበጣል፤ ሦስትና አራት ዓመት ሲሆነው ጉልበቶቹ እርስ በርስ ይቀራረባሉ፣ ቁርጭምጭሚቶቹ ይራራቃሉ። ስድስትና ሰባት ዓመት ላይ ይስተካከላል። ይህ የሰው ልጅ ሁሉ የእድገት ሥርዓት ነው፤ ስቶክሆልምም ሆነ ደምበጫ ያው ነው። አንቀልባው ጥፋቱ ልጁ እግሩ በተፈጥሮው ጎባጣ በሆነበት ዕድሜ ላይ አብሮት መገኘቱ ብቻ ነው።

በእርግጥ የሚጣመም እግር አለ። ዋናው ምክንያቱ ሪኬትስ ነው፤ አጥንት ቫይታሚን ዲ ወይም ካልሲየም አጥቶ ሲለሰልስ ክብደቱን መሸከም ያቅተዋል። ቫይታሚን ዲ በዋናነት የሚገኘው ከፀሐይ ነው። ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ በማታጣ አገር ሪኬትስ መገኘቱ ይገርማል፤ ግን ልጁን ብርድ ይመታዋል፣ ዓይን ያየዋል ብለን ተሸፋፍኖ ጨለማ ቤት ስናስቀምጠው ፀሐይዋ የት ታግኘው? እንግዲህ ፍርዱን ገልብጡት፤ በአንቀልባ ታዝሎ እርሻ የሚውል ልጅ ፊቱና እግሩ ፀሐይ ያገኛል፣ እግሩ እንዳይጣመም ተብሎ አልጋ ላይ ተጠቅልሎ የሚውለው ግን አያገኝም።

ሌላው ሲወለድ ጀምሮ መዳፉ ወደ ውስጥ የዞረ እግር ነው። ይህ ከእናቱ ማሕፀን ይዞት የመጣው ነው፤ ማንም አላደረሰበትም፣ እርግማንም አይደለም። በየሳምንቱ በሚቀየር ጀሶ ቀስ በቀስ እየተመለሰ የሚስተካከልበት ሕክምና አለ፣ በሕፃንነት ከተጀመረ ደግሞ ውጤቱ ጥሩ ነው። የዚህን ልጅ አንቀልባ አቃጥለው ልጁን ግን ቤት ያስቀሩ ወላጆች አይቻለሁ። አንቀልባውን ትተው ልጁን ወደ ሐኪም ቤት ቢወስዱት ኖሮ!

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የዳሌው ነገር ነው። የጭን አጥንት ራስ ክብ ነው፤ የሚገባበት የዳሌ ጎድጓዳ ደግሞ በሕፃን ላይ ገና ለጋና ጥልቀት የሌለው ነው። ራሱ ጎድጓዳው ውስጥ በደንብ ከተቀመጠ ጎድጓዳው በዙሪያው እየጠነከረ ያድጋል። ካልተቀመጠ ይወጣል፣ ልጁ ሲራመድ ያነክሳል፣ ሲያድግም ዳሌው ቶሎ ያረጃል። ታዲያ ራሱ በትክክል የሚቀመጠው ሕፃኑ እንዴት ሲሆን ነው? ጉልበቱ ከመቀመጫው ከፍ ብሎ፣ ጭኑ ወደ ጎን ተከፍቶ ሲታጠፍ ነው። አንቀልባ ያዘለች እናት ከጎን ቆማችሁ ተመልከቱ። ልጁ የተቀመጠው እንደዚያ ነው። ዳሌው ላልያዘ ሕፃን በውጭ አገር የሕፃናት ሐኪሞች የሚያለብሱት ማሰሪያም ጭኑን እንዲሁ አጥፎና ከፍቶ የሚይዝ ነው።

ይህ የኔ ግምት አይደለም፤ የተለያዩ ሕዝቦች ልጅ አያያዝ ይመሰክራል። በሰሜን አሜሪካ የናቫሆ ሕዝብ ሕፃናትን እግራቸውን ዘርግቶ ጣውላ ላይ ያስር ነበር፤ የዳሌ መውለቅ በመካከላቸው እጅግ የበዛ ነበር። ጃፓኖችም አራሱን እግሩን ዘርግተው ይጠቀልሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 "የሕፃኑን እግር ዘርግታችሁ አትጠቅልሉ" የሚል አገር አቀፍ ዘመቻ ተደረገ፤ ቀድሞ ከመቶ ሕፃን ከአንድ በላይ ይታይ የነበረው ችግር ከሺህ ወደ ሁለት ገደማ ወረደ። ወደ እኛው አህጉር ስትመጡ በማላዊ የአንድ የሕፃናት አጥንት ሆስፒታል መዝገብ ተገልጦ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት አለ። በዐሥር ዓመት ውስጥ ከ40 ሺህ በላይ ልጆች ታይተዋል፤ ለዚህ የዳሌ ችግር ቀዶ ጥገና የተደረገለት አንድም አልተገኘም። ጸሐፊዎቹ ምክንያቱ እናቶች ልጆቻቸውን ጀርባቸው ላይ ማዘላቸው ሳይሆን አይቀርም ብለው፣ ሌላው ዓለም ይህን ልማድ እንዲማር ሐሳብ አቀረቡ።

እኛ ግን ይህን እየተውን ነው። ይባስ ብሎ አንቀልባን የምትፈራው እናት አራሱን እግሩን ቀጥ አድርጋ፣ በፎጣ ጥብቅ አድርጋ ትጠቀልለዋለች፣ "እንዲስተካከል"። ጉዳት ካለ ያለው እዚያ ነው። እጁንና ደረቱን ጠቅልሉ፣ እግሩን ግን ለቀቅ አድርጉለት፤ እንደ እንቁራሪት ይታጠፍ።

ታዋቂው የአሜሪካ ማዘያም ከዚሁ ጀርባ የመጣ ነው። አን ሙር የምትባል ነርስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ ሆና ቶጎ ሠርታ ነበር። የዚያን አገር እናቶች አይታ፣ አገሯ ስትመለስ ልጇን እንዲሁ ለማዘል ብትሞክር ጨርቁ እየተንሸራተተ አስቸገራት፤ ከእናቷ ጋር ሆና ማሰሪያና ኪስ ያለው አሰፋች፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የፈጠራ መብት አገኘችበት። ስናግሊ ተብሎ በብዛት ተሸጠ። ዛሬ የቡሬ ሱቅ በር ላይ ተሰቅሎ "ዘመናዊ" እየተባለ የሚሸጠው የፊት ማዘያ የዚያ ዘር ነው፤ ከአፍሪካ ጀርባ ሄዶ በውጭ ምንዛሪ ተመለሰ ማለት ነው። ዋጋው ባልከፋ፤ ብዙዎቹ ርካሽ ማዘያዎች ግን ልጁን በጭኑ መሐል ባለ ቀጭን ጨርቅ አንጠልጥለው እግሩን ቁልቁል ይተዉታል። የሰፊው ቆዳ ብልሃት የጠፋው እዚህ ላይ ነው። ማዘያ የምትገዙ ከሆነ መቀመጫው ከአንዱ የጉልበት እጥፋት እስከ ሌላው የሚደርስ ሰፊ መሆኑን እዩ።

ለቅሶ ላይም ቢሆን እናቶቻችን ቀድመዋል። ሞንትሪያል ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ ጥናት፣ ወላጆች ሕፃኑን በየቀኑ ከወትሮው አብልጠው ሲይዙት ስድስት ሳምንት ላይ ለቅሶው በ43 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ጃፓኖች ለኩ፤ እናት ይዛው ተቀምጣ ሳለች የሚነጫነጨው ሕፃን ተነሥታ ስትራመድ ወዲያው ዝም ይላል፣ የልብ ምቱም ይረጋጋል። እሹሩሩ ተቀምጦ የማይባለው ለምን እንደሆነ እንግዲህ ገባችሁ?

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ አዛዮችን ሳልቆጣ አላልፍም። አንገቱ ያልጠና ሕፃን በአንቀልባ አይታዘልም። ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀን ክርስትና ሲነሡ በእቅፍ ይወሰዱ፤ አንገት የሚጠናው ሦስተኛው አራተኛው ወር ላይ ነው። ፊቱን በነጠላ ሸፍናችሁ አትርሱት። ሕፃን አገጩ ደረቱ ላይ ተጣብቆ፣ አፍንጫው ጨርቅ ውስጥ ተቀብሮ ድምፅ ሳያሰማ ሊታፈን ይችላል፤ ከጀርባ ሆኖ ደግሞ አይታያችሁም። አልፎ አልፎ እጃችሁን ወደ ኋላ ልካችሁ ትንፋሹን ዳስሱ። ምጣድ ላይ ልጅ አዝላችሁ አትቁሙ፤ ጭሱ ለናንተም መርዝ ነው፣ ለሱ ትንሽ ሳንባ ደግሞ ይብሳል፣ እሳቱም አለ። የሰባት ዓመት እህቱንም አታሸክሟት። እሷም ልጅ ናት፣ ብትወድቅ ሁለት ልጅ ነው የሚወድቀው።

ትልቁ ስሕተት የሚሠራው ግን መናኸሪያ ውስጥ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ የሐዲስ ዓለማየሁ ልቦለድ ጀግና በዛብህ የተወለደባትን ማንኩሳን፣ ቡሬን እያቋረጠ ይሄዳል። ሚኒባሱም ቅጥቅጡም ሞልቶ ይበራል። እናት ልጇን እንዳዘለች ትገባለች፣ ረዳቱ "ጠጋ በይ እታለም" ይላታል፣ ወንበሩ ላይ ትደገፋለች። ልጁ በጀርባዋና በወንበሩ መካከል ነው። መኪናው ድንገት ሲቆም ምን እንደሚሆን ላስላላችሁ። 9 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር በሚሄድ መኪና ውስጥ አለ። መኪናው ተጋጭቶ በአንድ ሰከንድ አንድ ዐሥረኛ ውስጥ ቢቆም ሕፃኑን ለመያዝ የሚያስፈልገው ጉልበት አንድ ኩንታል ጤፍ ከመያዝ ጋር እኩል ነው። የትኛዋም እናት፣ የቱንም ያህል ብትወድ፣ በክንዷ አትይዘውም። እናትየዋ ወደ ኋላ ስትመለስ ደግሞ ልጁ ላይ የምታርፈው በራሷ ክብደት ብቻ አይደለም።

አንቀልባ የእግረኛ ዕቃ ነው። በዚህ ቦታ የሚተካው ያ ከአሜሪካ "ልላክላችሁ ወይ" የተባለው ካር ሲት ነው። የዚህም ታሪክ ጥሩ ነው፤ ስዊድናዊው ሐኪም በርቲል አልድማን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የጠፈር ተጓዦች ሲተኮሱ ጀርባቸውን ተደግፈው ግፊቱን እንደሚቀበሉ አይቶ፣ ሕፃንም ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ አዙሮ ቢቀመጥ ይሻለዋል አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ሞከረው። የሕፃን ራስ ለአካሉ ትልቅና ከባድ ነው፣ አንገቱ ደካማ ነው። ወደ ፊት ዞሮ ከተቀመጠ ግጭቱ አንገቱን ይስበዋል፤ ወደ ኋላ ከዞረ ግን ራሱ፣ አንገቱና ጀርባው አንድ ላይ ወንበሩ ላይ ያርፋሉ። ስዊድናውያን ልጆቻቸውን እስከ አራት ዓመት ገደማ እንዲህ ያስቀምጣሉ።

የራሳችሁ መኪና ካላችሁና ረጅም ጊዜ የሚያገለግል ካር ሲት ከፈለጋችሁ፣ በአራስነት ወደ ኋላ፣ ሲያድግ ወደ ፊት የሚዞረውን ዓይነት ምረጡ፤ ወደ ኋላ ዞሮ እስከ 18 ኪሎ የሚይዝ ከሆነ ይበልጥ ያቆያችኋል። የተሠራበትን ቀን ከሥሩ ፈልጉ። ከግጭት የተረፈ አሮጌ አትቀበሉ፤ ስንጥቁ ላይታይ ይችላል። በመኪናው ቀበቶ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት፤ ቀበቶው በሚያልፍበት ቦታ ይዛችሁ ስትነቀንቁት ከአንድ አውራ ጣት ስፋት በላይ ከተንቀሳቀሰ አልታሰረም። ልጁን ጋቢ አልብሳችሁ ከላዩ ማሰሪያ አታጥብቁ፣ ጋቢው ይታመቅና ማሰሪያው ይላላል፤ መጀመሪያ እሰሩ፣ ከዚያ ጋቢውን ከላይ አልብሱት። ኤርባግ ባለበት የፊት ወንበር ላይ ወደ ኋላ የሚዞር ካር ሲት በፍጹም አይቀመጥም። ቀበቶ በሌለው ወንበር ላይ ደግሞ ካር ሲት ዕቃ ብቻ ነው።

ይህን ስል ቡሬ አንድ ዘመዴ ቤት ያየሁት ትዝ ይለኛል። ከቨርጂኒያ በሻንጣ ተጭኖ የመጣ፣ እንደ ንጉሥ ዙፋን የተነጠፈ ካር ሲት ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጧል፤ ልጁ በላዩ ላይ ገንፎ ይበላል። መኪና የላቸውም። ወደ ፍኖተ ሰላም ሲሄዱ ሕፃኑ በሚኒባስ ታቅፎ ነው የሚሄደው። "ለምን አትወስዱትም?" ብላቸው "ይቆሽሻል" አሉኝ። ምን ይባላል? ልጁ ግን በገንፎው አምሮበታል።

ሚኒባስ ለሚሳፈሩት የምለው ጥቂት ነው። ልጁን ከጀርባ አውርዳችሁ ደረታችሁ ላይ አቅፉት፣ ከፊት ወንበር ይልቅ ወደ ኋላ ተቀመጡ፣ የወንበሩን ቀበቶ በናንተና በልጁ ላይ በአንድነት አትሰሩ፤ ቀበቶው እናንተን ብቻ ይያዝ፣ አለዚያ ክብደታችሁ ልጁን ቀበቶው ላይ ይጨፈልቀዋል። ሾፌሩ ሲፈጥን "ቀስ በል፣ ልጅ ይዣለሁ" ማለት ነውር የለውም። ስትወርዱ አንቀልባውን መልሳችሁ እሰሩ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ የሱ ነው።

ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖች፣ ካር ሲት ከመላካችሁ በፊት ቤተሰቡ መኪና እንዳለው ጠይቁ፤ ከሌለው ብሩን ለአንድ ቆዳ አልፊ ስጡት፣ አንቀልባ ይሥራበት። እዚህ ያላችሁ ደግሞ ግድግዳ ላይ ያለውን አውርዳችሁ ጥጉን ፈትኑ፣ ቅባት አጠጡት። ልጃችሁ ሁለት ዓመት አልፎት እግሩ እየባሰበት ከሄደ፣ አንዱ እግሩ ከሌላው ካጠረ ወይም ሲራመድ ካነከሰ፣ አንቀልባውን ሳትከሱ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ውሰዱት።